የልምምድ ዓለም፦ ምናባዊ ከባቢዎች ኦቲዝም ላላቸው ተማሪዎች የማኅበራዊ ክህሎት ትምህርት
(የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ ሁለት ዓይነት አድማጭ አለው። አንደኛው «አዲስ ቴክኖሎጂ» ሲባል ተስፋው የሚለመልም ነው፤ ሁለተኛው ያንኑ ቃል ሲሰማ «ደግሞ ምን መጣ?» ብሎ የሚጠራጠር ነው። ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው። የእኔ ተግባር አንዱን ወገን አስደስቶ ሌላውን ማሳዘን ሳይሆን፣ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማቅረብ ነው። አንደኛው፣ ኦቲዝም ያለው ተማሪ በኮምፒዩተር በተሠራ ዓለም ውስጥ ከሰው ጋር መግባባትን ቢለማመድ፣ ልምምዱ ከማሽኑ ውጭ ላለው ሕይወቱ ይጠቅመዋልን? ሁለተኛው፣ የሚለማመደው የማንን ሥርዓት ነው? የመጀመሪያው የማስረጃ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የሥነ ምግባር። ብዙ ጊዜ ስለ መጀመሪያው እንወያያለን፤ ሁለተኛውን ግን እንዘለዋለን። በገለጻው የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ስለ ቃላቱ

ኦቲዝም በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ በሰፊው መታወቅ የጀመረው ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ባሳተመው ጥናት ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ በ2013 በወጣው አምስተኛ እትሙ፣ ኦቲዝምን በሁለት ዘርፎች ይገልጸዋል። አንዱ በማኅበራዊ ግንኙነትና በመግባባት ረገድ የሚታይ ልዩነት ሲሆን፣ ሌላው የተወሰነና ተደጋጋሚ የሆነ ባህርይና ፍላጎት ነው። ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪ ከመጠን በላይ ወይም ከመጠን በታች ስሜታዊ መሆንም በሁለተኛው ዘርፍ ይካተታል። ይህን የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቋንቋችን «ኦቲዝም ያለበት ልጅ» ማለት የተለመደ ነው። «ያለበት» ግን ዕዳ ያለበት፣ ክስ ያለበት፣ በሽታ ያለበት ስንል የምንጠቀምበት ቃል ነው፤ በሰውየው ላይ የተጫነ ነገር መኖሩን ያመለክታል። «ያለው» ስንል ያ ጭነት ይቀላል። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ያህል ቢመስልም፣ የምናስተምረውን ልጅ የምናይበትን ዓይን ይቀይራል። ስለዚህ በዚህ ገለጻ «ኦቲዝም ያለው» እላለሁ።

ማኅበራዊ ክህሎት ስልም ጠባይ ማለቴ አይደለም። ሰላምታ የማይመልስ ልጅ «አስተዳደግ የጎደለው» ተብሎ ሲወቀስ ሁላችንም ሰምተናል። ልጁ ግን ሰላምታው ለእርሱ መሆኑን፣ ስንት ጊዜ መመለስ እንዳለበት፣ መቼ እንደሚያበቃ ላያውቅ ይችላል። ይህ የማወቅ ጉዳይ ነው፤ ማወቅ ደግሞ በትምህርት ይመጣል።

ለምን ምናባዊ ከባቢ?

ማኅበራዊ ክህሎትን በተለመደው መንገድ ማስተማር ሦስት እንቅፋቶች አሉት። በመጀመሪያ፣ በክፍል ውስጥ በቃል የተነገረ ደንብ ከሁኔታው ተነጥሎ ይቀራል፤ ተማሪው «ተራህን ጠብቅ» የሚለውን በቃሉ ይይዛል፣ ተራው የቱ ጋ እንደሚጀምር ግን ሰልፉ ውስጥ ካልገባ አያየውም። ሁለተኛ፣ እውነተኛው ሕይወት አይደገምም። ትናንት በዳቦ ቤቱ በር ላይ የሆነውን ነገር ዛሬ እንደገና አምጥተን «እዚህ ጋ ቁም፣ ሰውዬውን ተመልከት፣ ምን የፈለገ ይመስልሃል?» ልንለው አንችልም። ሦስተኛ፣ በእውነተኛው ዓለም ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። የክፍል ጓደኞች ይስቃሉ፣ መንገደኛ ይቆጣል፤ አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅም ሁለተኛ ለመሞከር ላይደፍር ይችላል።

ምናባዊ ከባቢ ስንል ተጠቃሚው ሊንቀሳቀስበትና ሊሠራበት የሚችል፣ በኮምፒዩተር የተሠራ ባለ ሦስት አውታር ቦታ ማለታችን ነው። በሦስት መልክ ይቀርባል። አንደኛው በተራ የኮምፒዩተር ማያ ገጽ ላይ የሚታይና በአይጥ ወይም በእጅ መቆጣጠሪያ የሚመራ ነው። ሁለተኛው በራስ ላይ በሚጠለቅና ዓይንን በሚሸፍን መሣሪያ የሚታይ ነው፤ የዚህ መሣሪያ ጥንስስ አይቫን ሳዘርላንድ በ1968 ካሳየው ሥራ ይመዘዛል። ሦስተኛው ግድግዳዎቹ በሙሉ ምስል የሚያርፍባቸው ክፍል ነው። ብዙ ሰው ምናባዊ ከባቢ ሲባል የሚታየው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ሆኖም በኦቲዝም ዙሪያ ከተሠሩት ቀደምት ጥናቶች ብዙዎቹ የመጀመሪያውን የተጠቀሙ ናቸው። የዋጋውን ነገር ስናነሣ ይህ ልዩነት ይጠቅመናል።

ከላይ ላነሣኋቸው ሦስት እንቅፋቶች ይህ መሣሪያ ሦስት መልስ አለው። ደንቡን ከሁኔታው ጋር ያቀርባል። ሁኔታውን ያስቆማል፣ ይደግማል፣ ያቀላል፣ ያከብዳል። ስሕተትንም ያለ ኀፍረት ያስተናግዳል። በዚህ ላይ የስሜት ሕዋሳትን ጫና መመጠን ይቻላል፤ የሆቴሉን ጫጫታ ዛሬ ዝቅ አድርጎ ነገ ትንሽ ከፍ ማድረግ ለመምህሩ የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው።

ምን ተሞከረ?

ዶሮቲ ስትሪክላንድና ባልደረቦቻቸው በ1996 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሠሩት ጥናት ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ነው። ሁለት ኦቲዝም ያላቸው ሕፃናት በራስ የሚጠለቀውን መሣሪያ አድርገው በምናባዊ መንገድ ላይ መኪናዎችን እንዲለዩ ተደረገ። ከጥናቱ የምንወስደው ቁም ነገር ቀላል ነው፤ ሕፃናቱ የዚያን ዘመን ከባድ መሣሪያ ተቀበሉት፣ በምስሉም ውስጥ የተጠየቁትን አደረጉ። «በፍጹም አይቀበሉትም» የሚለው ግምት በዚያ ተናጋ። ከሃያ ዓመት በኋላ 29 ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናትም አብዛኞቹ መሣሪያውን ያለ ችግር መጠቀማቸውን አሳይቷል። «አብዛኞቹ» ማለት ግን «ሁሉም» ማለት አይደለም። ማዞርና ማቅለሽለሽ በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በራሱ ላይ ነገር ሲነካው የሚጨነቅ ልጅ ደግሞ «አይሆንም» ሲል ቃሉ ሊከበርለት ይገባል።

በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሳራ ፓርሰንስ፣ ፒተር ሚቼልና ባልደረቦቻቸው በማያ ገጽ ላይ የሚታይ ምናባዊ ካፌና አውቶቡስ አዘጋጁ። ተማሪው መቀመጫ መፈለግ ነበረበት። ባዶ ጠረጴዛ ሲኖር ነገሩ ቀላል ነው፤ ባዶ ጠረጴዛ ከሌለስ? ማንን፣ እንዴት መጠየቅ ይገባል? በ2004 የታተመው ሥራቸው እንዳሳየው፣ ኦቲዝም ያላቸው ታዳጊዎች አብዛኞቹ ምናባዊውን ቦታ የእውነተኛው ቦታ ወካይ አድርገው ተረድተውታል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ግን በሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች መካከል ማለፍ ታይቶባቸዋል። በ2007 በታተመው ጥናት 6 ታዳጊዎች በምናባዊው ካፌ ከሠለጠኑ በኋላ፣ የእውነተኛ ካፌና አውቶቡስ ቪዲዮ ሲያዩ የት እንደሚቀመጡና ለምን እንደመረጡት የሰጡት ምክንያት መሻሻል አሳይቷል።

በዳላስ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2013 ሌላ መንገድ አሳዩ። 8 ኦቲዝም ያላቸው ወጣቶች በ5 ሳምንት ውስጥ 10 ጊዜ፣ «ሰከንድ ላይፍ» በተባለው ምናባዊ ዓለም ውስጥ የሥራ ቃለ መጠይቅንና ከማያውቁት ሰው ጋር መተዋወቅን የመሳሰሉ ሁኔታዎችን ተለማመዱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በማያ ገጹ ላይ ከሚታዩት ምስሎች ጀርባ የሚናገሩት ሕያዋን ባለሙያዎች ነበሩ። አሠልጣኙም ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ከወጣቱ ጋር ይወያይ ነበር። ወጣቶቹ ስሜትን ከፊትና ከድምፅ በመለየትና የሌላውን ሰው ሐሳብ በመገመት ረገድ ተሻሽለዋል።

በኒውካስል የተሠራው ጥናት ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በ2014 የታተመው ይህ ሥራ በ9 ወንዶች ልጆች ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ልጆቹ የተጨናነቀ አውቶቡስን ወይም እርግብን እንደ መፍራት ያለ ብርቱ ፍርሃት ነበራቸው። ልጁ የሚፈራው ነገር በግድግዳ ላይ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሆኖ ደረጃ በደረጃ ይለማመዳል፤ ከዚያ ወላጆቹ በእውነተኛው ቦታ ያስቀጥሉታል። ከ9ኙ 8ቱ የሚፈሩትን ሁኔታ መጋፈጥ ቻሉ፤ 4ቱ ፍርሃቱን ሙሉ በሙሉ አሸነፉ። «ይህ የፍርሃት ሕክምና እንጂ የማኅበራዊ ክህሎት ትምህርት አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አውቶቡስ መሳፈር የማይችል ልጅ ከጓደኞቹ ጋር የትም አይሄድም። አንዳንዴ የክህሎት ጉድለት የሚመስለን ነገር ሥሩ ፍርሃት ነው።

ከማያ ገጹ እስከ መንገዱ

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ነውን? ቁጥሮቹን መልሳችሁ ተመልከቱ፤ 2፣ 6፣ 8፣ 9። በዚህ መጠን በተሠሩ ሥራዎች ላይ ተመሥርቶ ለአንድ አገር ትምህርት ቤቶች መሣሪያ መግዛት አይቻልም። አንዳንዶቹ ጥናቶች የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ለውጡ የመጣው ከመሣሪያው ይሁን፣ ለልጁ በትኩረት ጊዜ ከሰጠው አዋቂ ሰው ይሁን ለይቶ መናገር ያስቸግራል። የኒውካስሉ ቡድን በ2019 በ32 ልጆች ላይ በዕጣ በተመደቡ ቡድኖች ጥናቱን ሲያሰፋው ሕክምናው ከፊሎቹን ጠቀመ፣ ሁሉንም ግን አልጠቀመም። ጥናት ሲጠነክር ተስፋው መጠነኛ እየሆነ መምጣቱ የሚያሳዝን ሳይሆን የሚያስተምር ነው።

ከዚህ የከበደው የክህሎት ሽግግር ጥያቄ ነው። በማያ ገጹ ላይ ተራውን የጠበቀ ልጅ በዳቦ ቤቱ በርም ይጠብቃልን? አንድን ነገር ከተማሩበት ቦታ ወደ ሌላ ማሻገር ኦቲዝም ላላቸው ብዙ ተማሪዎች ከባድ መሆኑ በትምህርት ጥናት የታወቀ ነው። ያሻገሩትን ሥራዎች ስንመረምር ሦስት የጋራ ባህርይ እናገኛለን። አንደኛ፣ ከልጁ ጎን ቆም ብሎ የሚጠይቅ መምህር አለ። ሁለተኛ፣ ሁኔታው አንድ ሳይሆን ብዙ መልክ አለው፤ ልጁ አንድን ካፌ ሳይሆን «ካፌነትን» ይማራል። ሦስተኛ፣ ልምምዱ በማያ ገጹ ላይ አያበቃም፤ በዚያው ሳምንት ወደ እውነተኛው ቦታ የሚወስደው ሰው አለ። እንግዲህ ድልድዩ የተሠራው በሰው ነው፤ ማሽኑ አንዱን ምሰሶ ያቆማል እንጂ ወንዙን ብቻውን አያሻግርም።

የማን ሥርዓት?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። የኖቲንግሃሙን ካፌ ወስደን ንግግሩን ወደ አማርኛ ብንመልሰው ለአዲስ አበባ ወይም ለደሴ ልጅ ይሆነዋልን?

ጥቂት ምሳሌ ላቅርብ። ትልቅ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። ይህን የትኛውም ከውጭ የተገዛ ፕሮግራም አያስተምርም። ማዕድ ላይ ያለ ሰው አልፎ ሂያጁን «እንብላ» ይለዋል፤ ሂያጁ አመስግኖ ያልፋል። ቃልን እንደ ወረደ የሚረዳ ልጅ ግን ተጋብዣለሁ ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያም ለምን እንደተሣቀበት አይገባውም። እንግዳ ሲጋበዝ መጀመሪያ «ይብቃኝ» ይላል፣ ጋባዡ «በሞቴ!» ይላል፣ እንግዳው ይጎርሳል። «በሞቴ» የሚለውን ቃል በቀጥታ የሚሰማ ልጅ ምን ሊያስብ እንደሚችል ገምቱት። ሰላምታችንስ? «ደህና ነህ? እንዴት ነህ? ሰላም ነህ?» ብለን ደጋግመን የምንጠይቀው መልስ ፈልገን አይደለም። ልጁ ግን ለመጀመሪያው ጥያቄ እውነቱን መልሷል፤ ለምን እንደገና ይጠየቃል?

ከሁሉ የሚጎላው የዓይን ጉዳይ ነው። በምዕራቡ ዓለም የተሠሩ ብዙ ሥልጠናዎች ዓይን ለዓይን መተያየትን እንደ ግብ ይቆጥራሉ። በእኛ ዘንድ ልጅ በታላቁ ፊት ዓይኑን ሰበር ሲያደርግ ጨዋ ይባላል። ከውጭ የመጣውን ሥልጠና እንዳለ የተከተለ ልጅ በሥልጠናው ፈተና ያልፋል፣ በአያቱ ፊት ግን ይወድቃል። በተቃራኒውም፣ ዓይን አለማየት እዚህ የጨዋነት ምልክት በመሆኑ የልጁ ልዩነት ሳይታወቅ ሊዘገይ ይችላል። ማኅበራዊ ክህሎት እንደ ሒሳብ በሁሉም አገር አንድ አይደለም፤ ከቋንቋ ጋር የተወለደ ነው።

ከአንድ ወገን ወደ ሁለት ወገን

የሥርዓቱ ጥያቄ ከባህል አልፎ ይሄዳል። ኦቲዝም ያላቸው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ዴሚየን ሚልተን በ2012 ባቀረቡት ሐሳብ፣ አለመግባባቱ የአንድ ወገን ጉድለት አይደለም። ኦቲዝም ያለው ሰው ሌላውን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ፣ ሌላውም እርሱን ለመረዳት ይቸገራል። ልዩነቱ ለችግሩ ተጠያቂ የሚደረገው አንደኛው ብቻ መሆኑ ነው። ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦቻቸው በ2020 ሐሳቡን በሙከራ ፈተሹት። አንድ ታሪክ በ8 ሰዎች ሰንሰለት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ ኦቲዝም ያላቸው ብቻ ያሉበት ሰንሰለት ከሌላቸው እኩል አስተላለፈ፤ ዝርዝሩ ይበልጥ የጠፋው በተቀላቀለው ሰንሰለት ነበር። በ2025 የታተመው ሰፊ ጥናት የተቀላቀለውን ሰንሰለት ድክመት አልደገመውም፤ በሁለቱም ግን ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ከማንም አላነሱም።

ይህ ለምናባዊ ከባቢ ትምህርት ትልቅ ትርጉም አለው። ልጁን «እንደ ሌላው ምሰል» ብለን ብቻ ካሠለጠንነው ጭምብል እያስለበስነው ሊሆን ይችላል። ራስን ደብቆ ሌላውን ለመምሰል መጣር ከጭንቀትና ራስን ከመጉዳት ሐሳብ ጋር እንደሚያያዝ የቅርብ ዓመታት ጥናቶች አመልክተዋል። መምህር ሆይ፣ በትምህርት ቤት ጸጥ ብሎ የዋለው ልጅ ቤቱ ሲገባ ለምን እንደሚያለቅስ እናቱን ጠይቃት።

ሌላ መንገድ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተሠሩ የጋራ ምናባዊ ከባቢዎች ሁለት ልጆች በየግላቸው ማያ ገጽ ሆነው፣ ካልተነጋገሩ በቀር የማይፈታ እንቆቅልሽ አብረው እንዲፈቱ ያደርጋሉ። እዚህ ንግግር የሚፈለገው ደንብ ስለሆነ ሳይሆን ሥራው ስለሚጠይቀው ነው። ካናዳዊው አባት ስቱዋርት ደንከን በ2013 ያቋቋሙት «አውትክራፍት» ደግሞ ሥልጠና እንኳ አይደለም። ማይንክራፍት በተባለው ጨዋታ ውስጥ ኦቲዝም ላላቸው ልጆችና ቤተሰቦቻቸው የተለየ፣ ከመሳለቅና ከማጥቃት የተጠበቀ ቦታ ነው። ልጆቹ እዚያ አብረው ይገነባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በጥናት የተከታተሉት ምሁራን እንደገለጹት፣ ልጆቹ ወዳጅነትን በራሳቸው መንገድ ይመሠርታሉ። ክህሎቱ ያለ ትምህርት ሰዓት ይለመዳል፤ የተለወጠው ልጁ ሳይሆን ቦታው ነው።

ለእኛ ምን ይበጃል?

በአገራችን ለዚህ ሥራ መንገድ የጠረጉት የልጆቹ እናቶች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲያቋቁሙ ብዙ ልጆች ገና ከጓዳ አልወጡም ነበር። በ2016 የታተመ፣ በአዲስ አበባ በሁለት ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ ጥናት፣ አሳዳጊዎቹ ለልጃቸው ሁኔታ ተፈጥሯዊና መንፈሳዊ ምክንያቶችን ጎን ለጎን እንደሚያነሡ፣ መገለልም እንደሚያስጨንቃቸው አሳይቷል። አጥብቀው ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ለልጃቸው ትምህርት ነበር። የጠየቁት ትምህርት ቤት ነው እንጂ መሣሪያ አለመሆኑን እናስታውስ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዳንስት አራት ነጥብ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ መምህሩ ከመሣሪያው ይቅደም፤ የሠለጠነ መምህር ያለ መሣሪያ ብዙ ይሠራል፣ መሣሪያ ግን ያለ መምህር መጫወቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከቀላሉ እንጀምር። ከላይ እንዳየነው ብዙው ማስረጃ የመጣው ከተራ ማያ ገጽ ነው፤ በስልክ የተቀረጸ የታክሲ ወረፋ፣ የሱቅ ደጃፍ፣ የቡና ሥርዓት ቆም እያሉ ለመወያየት ይበቃል። ሦስተኛ፣ ይዘቱ የእኛ ይሁን፤ «ኖር»፣ «እንብላ» እና «በሞቴ» ያሉበት ይሁን፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ልጁ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ይዘጋጅ። የሥርዓቱ ምርጫ ላይ ወላጆችና ኦቲዝም ያላቸው ወጣቶች ራሳቸው ይቀመጡ። አራተኛ፣ ውጤቱን በእውነተኛው ቦታ እንለካ፤ የምንለካውም ልጁ ምን ያህል ሌላውን እንደመሰለ ሳይሆን፣ የሚፈልገውን መጠየቅ፣ የማይፈልገውን «እንቢ» ማለት፣ ከፈለገም ወዳጅ ማፍራት መቻሉን ይሁን።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን፣ እዚህ ያልተነካ የምርምር መስክ አላችሁ። የሶፍትዌር ተማሪው፣ የልዩ ፍላጎት ተማሪውና የቋንቋ ተማሪው በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ግን ሥራው አይሠራም። ሌላም አደራ አለኝ። ያንኑ ምናባዊ ካፌ ኦቲዝም ለሌላቸው የክፍል ጓደኞችም አዘጋጁት። ጫጫታውን ከፍ አድርጉት፣ ብርሃኑን አብዙት፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይናገር፤ ከዚያ «አሁን መልስ ስጥ» በሏቸው። መግባባት የሁለት ወገን ሥራ ከሆነ፣ ትምህርቱም ለሁለቱም ወገን ይገባል።